የቀድሞ ወታደር የግል አርማ፦ ምልክቶቹን መምረጥ፣ መደርደርና ማስመዝገብ

የአሜሪካዊው ጄኔራል ኮሊን ፓውል ጋሻ መደቡ ሰማያዊ ነው። በላዩ ሁለት የብር ሰይፎች ጫፋቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ተጣምረዋል፤ ሰይፎቹ ሲተላለፉ በፈጠሯቸው አራት ክፍተቶች ውስጥ አንድ አንድ የብር ኮከብ አለ። በብሩ ራስጌ፣ ማለትም በጋሻው አናት ባለው አግድም ክፍል ላይ፣ ቀይ አንበሳ ይራመዳል። ከጋሻው በላይ፣ በቁንጮው ቦታ፣ የነጭ ራሱ የአሜሪካ ንስር ራስ ቆሟል። አርማውን እ.ኤ.አ. በ2004 የሰጡት የስኮትላንድ የአርማ ባለሥልጣን የሆኑት ሎርድ ላየን ናቸው።

ሰይፎቹ ወታደርነታቸውን ይናገራሉ። አራቱ ከዋክብት ባለ አራት ኮከብ ጄኔራል መሆናቸውን ያሳያሉ። የንስሩ ራስ ደግሞ አንድ ብርጌድ የመሩበትን 101ኛውን የአየር ወለድ ክፍለ ጦር ያስታውሳል። ከዚህ በላይ የለም። ቬትናም ሁለት ጊዜ መዝመታቸው፣ የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹሞች ሊቀ መንበር መሆናቸው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ለየብቻ አልተሣለም። የ35 ዓመት ውትድርና በሦስት ዓይነት ምልክት ተጠቃልሏል። የራሱን ወይም የአባቱን አገልግሎት በአርማ ማኖር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ጋሻ ብዙ ይማራል፤ ሥራው በአብዛኛው መተው ነውና።

ቀለሙ ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ

ወርቅ ቸርነት፣ ቀይ ጀግንነት፣ ሰማያዊ ታማኝነት ነው የሚሉ ሰንጠረዦች በየድረ ገጹ ሞልተዋል። አይመኑባቸው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ በምዕራብ አውሮፓ አርማ ሲጀመር ጋሻ ላይ የሚሣለው ሰውየውን ከሌላው ለመለየት ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቀለም ቋሚ ትርጉም የሰጡት ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። ስለዚህ የአርማው ትርጉም የሚመጣው ከባለቤቱ ነው። እርስዎ ካልጻፉት፣ የልጅ ልጅዎ ሰይፉን አይቶ "ጦረኛ ነበሩ" ከማለት ሌላ የሚያውቀው ነገር አይኖርም። የካናዳ የሄራልድሪ (የአርማ ጥበብ) ባለሥልጣን በይፋ መዝገቡ ላይ ከእያንዳንዱ አርማ ጋር የምልክቶቹን ትርጉም አብሮ የሚያሰፍረው በዚህ ምክንያት ነው። ያ የትርጉም ጽሑፍ ከሥዕሉ እኩል ይታሰብበት።

ከሥዕል በፊት ወረቀት ይያዙ። ከአገልግሎቱ፣ ከትውልድ ቦታው፣ ከአገልግሎት በኋላ ካለው ሕይወት የሚታወሰውን ሁሉ ይዘርዝሩ፤ አሥር አሥራ አምስት ነገር ቢሆን ምንም አይደለም። ከዚያ በእያንዳንዱ ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ "ይህ ምልክት የቆመው … ስለሆነ ነው።" ዓረፍተ ነገሩ ካልሞላ ምልክቱ ይውጣ። ሁለት ምልክቶች አንድ ነገር የሚናገሩ ከሆነ አንዱ ይውጣ። ሰይፍም፣ ጠመንጃም፣ ወታደራዊ ጫማም አንድ ላይ ሲመጡ ሦስቱም የሚሉት "ወታደር ነበርኩ" ነው፤ አንዱ ይበቃል። በመጨረሻ ለጋሻው ሦስት፣ ለቁንጮው አንድ ነገር ከተረፈ ትክክለኛው መጠን ላይ ደርሰዋል።

አገልግሎትን ወደ ምልክት መለወጥ

ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው የክፍሉን መለዮ እንዳለ ገልብጦ ጋሻው መሐል ማስቀመጥ ነው። ይህ ሁለት ችግር አለው። አንደኛ መለዮው የክፍሉ እንጂ የግለሰቡ አይደለም፤ አርማ ሰጪ ቢሮ አይቀበለውም፣ በብዙ አገርም በሕግ የተጠበቀ ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ ክፍል ያለፈው ሺህ ሰው ሁሉ አንድ አርማ ይኖረዋል ማለት ነው። መፍትሔው ከመለዮው አንዱን አካል ወስዶ ሌላ ቦታና ሌላ ቀለም መስጠት ነው፤ ፓውል ከክፍለ ጦራቸው የወሰዱት የንስሩን ራስ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ዕቃ መሣል እንኳ አያስፈልግም፤ ጋሻውን የሚከፍለው መስመር ራሱ ይናገራል። እንደ ምሽግ ጥርስ የወጣና የገባ መስመር ለመሐንዲስ ወይም ለምሽግ ጦር ይስማማል። የሚሞገድ መስመር ባሕርን ወይም ወንዝን ይይዛል፤ ለባሕር ኃይል አባል፣ ወይም ዓባይ ዳር ለተወለደ ሰው። የሸቭሮን ቅርጽ፣ ማለትም ጫፉ ወደ ላይ የሆነ ማዕዘን፣ ከጥንት ጀምሮ የሄራልድሪ ዋና ቅርጾች አንዱ ነው፤ በእጅጌ ላይ ያለውን የአሥር አለቃና የሃምሳ አለቃ ማዕረግም ያስታውሳል። ለመገናኛ የመብረቅ ብልጭታ፣ ለመድፈኛ የሚነድ ቦምብ፣ ለትራንስፖርትና ስንቅ መንኮራኩር፣ ለአየር ኃይል ክንፍ የተለመዱ ናቸው።

የሕክምና ክፍል አባላት አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በነጭ መደብ ላይ ያለው ቀይ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1949ኙ የጄኔቭ ስምምነት የተጠበቀ ምልክት ነው፤ በጦር ሜዳ ለሰላሳ ዓመት ቢያክሙም በግል አርማ ላይ ማዋል አይፈቀድም። በእሱ ፋንታ አንድ እባብ የተጠመጠመበትን፣ የግሪኮቹን የሕክምና አምላክ የአስክሊፒየስን በትር ይጠቀሙ። ሁለት እባብና ክንፍ ያለው በትር የሮማውያን የንግድ አምላክ የሜርኩሪ ነው፤ የአሜሪካ ጦር የሕክምና ኮር መለያ አድርጎታል፤ በሌላ አገር ግን ነገሩን የሚያውቅ አንባቢ የንግድ ምልክት አድርጎ ያየዋል። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎችም እንዲሁ፦ የድርጅቱን ዓርማ ትተው የወይራ ዝንጣፊና ሰማያዊ ቀለም ይውሰዱ። በካናዳ የመታሰቢያው ቀይ የፖፒ አበባ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር የሆነው የሮያል ካናዲያን ሌጅን የንግድ ምልክት ስለሆነ ከመምረጥ በፊት መጠየቅ ይገባል።

የሚቀዳን ነገር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አባቱ በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የዘመተ ሰው የኮሪያን ብሔራዊ አበባ፣ ባለ አምስት ቅጠሉን ሙጉንግህዋ፣ ሊወስድ ይችላል፤ ከጠመንጃ ይልቅ የዘመተበትን ምድር ይናገራል። ሾተል ጥሩ ምልክት ነው፤ ሆኖም አርማውን በቃል በሚያሰፍረው መግለጫ "ሰይፍ" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ሠዓሊው ቀጥ ያለ የአውሮፓ ሰይፍ ይሥላል። ዘውድ ደፍቶ የመስቀል ዘንግ የያዘው አንበሳ ግን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ምልክት ነበር፤ የግለሰብ አይደለም። አንበሳ የሚፈልግ ሰው ዘውዱንና ዘንጉን አውልቆ፣ አቋሙን ቀይሮ፣ በእጁ ሌላ ነገር ያስይዘው።

ስምም የምልክት ምንጭ ነው፤ በሄራልድሪ የቆየና የተከበረ መንገድ ነው። አይዘንሃወር ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ከዴንማርክ የዝሆን ኒሻን ሲሸለሙ የተሠራላቸው ጋሻ በወርቅ መደብ ላይ ሰማያዊ የአንጥረኛ መስፍ ነው፤ የቤተሰቡ ስም ከብረት ሥራ የመጣ ነውና። የአውሮፓን ወረራ የመሩ ጄኔራል ናቸው፣ በጋሻው ላይ ግን አንድም የጦር መሣሪያ የለም። ሰይፉ፣ ጋሻው፣ ኮከቤ፣ ብርሃኑ የሚባል ሰው ግማሽ ሥራው አልቆለታል።

ቀለም

ብረት የሚባሉት ሁለት ናቸው፦ ወርቅና ብር፤ በሥዕል ቢጫና ነጭ። ቀለም የሚባሉት ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ናቸው። ሕጉ አንድ ነው፦ ብረት በብረት ላይ፣ ቀለም በቀለም ላይ አይቀመጥም። ምክንያቱ መታየት ነው። ሰማያዊ ሰይፍ በጥቁር መደብ ላይ ከአሥር እርምጃ በኋላ ይጠፋል፤ ቢጫ ኮከብ በነጭ ላይም እንደዚሁ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በሰንደቅ ዓላማችን ላይ ጎልተው የሚታዩት ወርቁ በሁለቱ ቀለሞች መሐል ስለገባ ነው፤ አረንጓዴና ቀይ ቢነካኩ ኖሮ ከሩቅ ይደበዝዙ ነበር።

ካኪና የጦር ሜዳ ዥጉርጉር የሚመኝ ብዙ ነው። አይሆንም። የዥጉርጉር ልብስ ሥራው መደበቅ ነው፣ የአርማ ሥራ መታየት ነው። አረንጓዴ ይበቃል። የቀለሙ ድምቀት ደግሞ አይደነገግም፤ የቲማቲምም የበርበሬም ቀይ ሁለቱም ያው ቀይ ናቸው፤ ምርጫው የሠዓሊው ነው። እንስሳና ተክል "በተፈጥሮ ቀለሙ" ተብሎ ሊሣል ይችላል፤ ቡናማ ዋልያ በአረንጓዴ ላይ ግን ሕጉን ባይጥስም ለዓይን ይጠፋል። በጠቅላላው ከሦስት ቀለም አይለፉ።

ድርድሩ

ቀኝና ግራ የሚባለው በጋሻው ያዥ በኩል ነው። ፊት ለፊት የሚያየው ሰው ግራው የጋሻው ቀኝ ነው፤ እንስሳም የሚያየው ወደዚያ፣ ማለትም ወደ ተመልካቹ ግራ ነው። ይህን የሚያሳስት ሠዓሊ ብዙ ስለሆነ የመጀመሪያው ንድፍ ሲመጣ ቅድሚያ የሚታየው ይህ ነው።

ለንድፍ በኤ4 ወረቀት ላይ 15 ሴ.ሜ ወርድ፣ 18 ሴ.ሜ ቁመት ያለው ጋሻ ያስምሩ። ራስጌ ካለ የቁመቱን ሲሶ ያህል፣ ከዚያም ትንሽ ጠበብ አድርጎ መስጠት ነው። ምልክቶቹ ቦታቸውን ይሙሉ፤ በሰፊ መደብ መሐል የተጣለ ትንሽ ኮከብ የወደቀ ቁልፍ ይመስላል። ሦስት ምልክት ሲሆን ሁለት ከላይ አንድ ከታች ነው የሚደረደረው፤ የጋሻው ግርጌ ጠባብ ስለሆነ።

የጋሻው ቅርጽ የትርጉሙ አካል አይደለም፤ ያው አርማ በማንኛውም ቅርጽ ይሣላል። ስለዚህ የእኛን ክብ የቆዳ ጋሻ መጠቀም የሚከለክል ነገር የለም። የካናዳው ኑናቩት ግዛት አርማ ክብ ነው፤ የኬንያ መንግሥት አርማም በማሳይ ጋሻ ላይ ነው። ክብ ከመረጡ ግን ማዕዘን ላይ የሚቀመጥ ምልክት አይኑር፣ ይቆረጣልና።

መጨናነቅ እንዴት ያለ ጉዳት እንደሚያደርስ ለማየት የእንግሊዙን አድሚራል ኔልሰንን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1798 አቡኪር ላይ ካሸነፉ በኋላ በጋሻቸው ራስጌ ሙሉ የመሬት ገጽታ ተጨመረላቸው፦ ባሕር፣ የዘንባባ ዛፍ፣ የተመታ መርከብ፣ የፈራረሰ ምሽግ። ትራፋልጋር ላይ ከወደቁ በኋላ ለቤተሰቡ በተሰጠው ደግሞ የጦርነቱ ስም በጋሻው ላይ በፊደል ተጻፈ። የሄራልድሪ ሰዎች ይህን ዘመን የአርማ ውድቀት ዘመን ይሉታል፤ ልክ ናቸው። ያ ሥዕል በቁልፍ መጠን ሲያንስ ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚሆነው። ስለዚህ በጋሻ ላይ የጦርነት ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ካርታ፣ የሰው ፎቶ አይግባ። ታንክና ሄሊኮፕተርም በአንድ ትውልድ ያረጃሉ፤ ክንፍና መንኮራኩር አያረጁም።

በተቃራኒው የጆርጅ ዋሽንግተን ጋሻ በነጭ መደብ ላይ ሁለት ቀይ አግድም ጭረት፣ በላያቸው ሦስት ቀይ ኮከብ ነው። በውጊያ የቆሰሉ የአሜሪካ ወታደሮች በሚሸለሙት ፐርፕል ሃርት ሜዳይ አናት ላይ በጣት ጥፍር መጠን ተቀምጧል፣ ግን ማንም ያነበዋል።

ከጋሻው በላይና በታች

በጋሻው ላይ የራስ ቁር፣ በቁሩ ላይ ጥምዝ (የተጠማዘዘ ጨርቅ)፣ በጥምዙ ላይ ቁንጮ ይቆማል። ጥምዙ ስድስት ዙር አለው፤ ብረትና ቀለም እየተፈራረቁ፣ በተመልካቹ ግራ በብረት ይጀምራል። ከቁሩ የሚወርደው መጎናጸፊያ ውጭው ዋናው ቀለም፣ ገበሩ ብረት ነው። በእንግሊዝ ልማድ ተራ ባለ አርማ የተዘጋ የብረት ቁር በጎን ይሣልለታል፤ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ መክደኛው የተከፈተው የናይትና የባሮኔት ማዕረግ ላላቸው ነው። ቁንጮው በቁር ላይ ሊቆም የሚችል ነገር ይሁን፤ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ኮከብ ወይም ደመና አይሆንም። በጎንና በጎን ጋሻውን የሚይዙ ደጋፊዎች ለከፍተኛ ማዕረግ ባለቤቶች ብቻ የሚሰጡ ናቸው፤ ባይጨምሯቸው ይሻላል።

ሜዳይ በጋሻው ውስጥ አይሣልም። ከጋሻው ግርጌ በሪባኑ ተንጠልጥሎ ሊታይ ይችላል፤ እሱም በእርግጥ የተሸለሙትና የምስክር ወረቀት ያለው ብቻ። ሜዳይ ከሰውየው ጋር የሚያልፍ ነው፤ ልጅ አርማውን ሲወርስ ሜዳዩን አይወርስም፣ ስለዚህ ያለ ሜዳይ የተሣለ ሁለተኛ ቅጂ ያሠሩ።

መሪ ቃል በማንኛውም ቋንቋ ይሆናል፤ ግዕዝም አማርኛም። ከሁለት እስከ አምስት ቃል ይበቃል። በስኮትላንድ ከቁንጮው በላይ ይጻፋል፣ የአርማው አካልም ነው፤ በእንግሊዝ ከጋሻው በታች ሆኖ ባለቤቱ ሊቀይረው ይችላል። ፊደላችንን የማያነብ ሠዓሊ ሰን ከሠ፣ ጸን ከፀ ያምታታል፣ የፊደሉን እግርም ያሳጥራል። ጽሑፉን በኮምፒውተር ፊደል አጽፈው ወደ ቅርጽ ከቀየሩ በኋላ ይስጡት፤ ሪባኑ ሲጠማዘዝ ቃሉ እንዳይቆረጥ ከሥዕሉ ሁሉ በኋላ ያንብቡት።

በቃል መጻፍ

አርማ የሚጸናው በሥዕል ሳይሆን በመግለጫው ነው፤ ማንኛውም ሠዓሊ መግለጫውን አንብቦ ያንኑ አርማ መሣል መቻል አለበት። ቅደም ተከተሉ፦ መደብ፣ ዋና ምልክት፣ በዙሪያው ያሉት፣ ከዚያ ራስጌና በራስጌው ላይ ያለው። ለምሳሌ ከጎጃም ወደ ካናዳ ሄዶ በካናዳ ጦር በሕክምና ረዳትነት ያገለገለ ሰው አርማ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"በአረንጓዴ መደብ ላይ፣ የወርቅ የአስክሊፒየስ በትር፣ በሁለት ባለ ስምንት ቅጠል የወርቅ አደይ አበባዎች መካከል፤ ጠርዙ በሚሞገድ የወርቅ ራስጌ ላይ አንድ ቀይ የሜፕል ቅጠል። ቁንጮ፦ በወርቅና አረንጓዴ ጥምዝ ላይ፣ በተፈጥሮ ቀለሙ የዋልያ ራስ።"

አረንጓዴው፣ ወርቁና ቀዩ ሰንደቅ ዓላማውን ሳይገለብጡ የትውልድ አገርን ያስታውሳሉ። የሚሞገደው ጠርዝ ዓባይ ነው። በትሩ ሙያው፣ ቅጠሉ ያገለገለባት አገር። ቅጠሉ በመደቡ ላይ ቢሆን ቀይ በአረንጓዴ ስለሚሆን ሕጉን ይጥስ ነበር፤ ወርቁ ራስጌ የገባው ለዚህ ጭምር ነው። የአበባው ቅጠል ቁጥር ባይጻፍ አንዱ ሠዓሊ አምስት፣ ሌላው አሥራ ሁለት ይሥላል።

የት ይመዘገባል

በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው የሄራልድሪ ባለሥልጣን ኦታዋ ውስጥ በጠቅላይ ገዢው ጽሕፈት ቤት ሥር ነው። ዜጋ የሆነ ሰው ለካናዳ ዋና ሄራልድ (የአርማ ሹም) የጥያቄ ደብዳቤና ዝርዝር የሕይወት ታሪክ ያቀርባል፤ የአገልግሎት ማስረጃ አብሮ ይግባ። ሲፈቀድ አንድ ሄራልድ ይመደባል፣ በንድፉ ላይ ይነጋገራሉ፣ መግለጫው ይጸድቃል፣ የመጀመሪያ ሥዕል ይመጣል፣ በመጨረሻም በእጅ የተሣለ ደብዳቤ ይሰጣል። በመንግሥት ጋዜጣም ይታተማል። ከዓመት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ለልደት ወይም ለበዓል ስጦታ የሚያስቡት አስቀድመው ይጀምሩ። ያዘጋጁት ዝርዝርና ዓረፍተ ነገሮች እዚህ ነው የሚጠቅሙት፤ ያለቀ ሥዕል ይዞ መሄድ ግን የሄራልዱን እጅ ያስራል።

በእንግሊዝ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1484 የተመሠረተው ኮሌጅ ኦፍ አርምስ ነው። በስኮትላንድ በሎርድ ላየን ሳይመዘገብ አርማ መጠቀም በሕግ ያስጠይቃል። በአሜሪካ ለግለሰብ አርማ የሚሰጥ የመንግሥት ቢሮ የለም፤ ፎርት ቤልቮር ያለው የጦር ሠራዊቱ የሄራልድሪ ተቋም የሚሠራው ለክፍሎችና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው። አሜሪካ የሚኖር ሰው የራሱን አርማ ነድፎ መያዝ ይችላል፤ ሌላ ሰው እንዳልያዘው መፈተሽና መግለጫውን ቀን ጽፎ ማስቀመጥ የራሱ ኃላፊነት ነው።

"የቤተሰብዎን ስም ይላኩ፣ አርማዎን እንልካለን" ለሚሉ ሻጮች ገንዘብ አይስጡ። አርማ የአንድ ሰው እንጂ የስም አይደለም፤ የሚልኩት ምናልባት ተመሳሳይ ስም የነበረው የሌላ ሰው ንብረት ነው።

መፈተንና ማሠራት

ንድፉን በሦስት መንገድ ይፈትኑ። በኤ4 መጠን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ከአምስት ሜትር ይዩት። በ2 ሴ.ሜ ቁመት አትመው ይዩት። በጥቁርና ነጭ ይዩት፤ ቀለሙ ሲጠፋ ምልክቶቹ ከተዋሃዱ ድርድሩ ደካማ ነው። ለአንድ ቀለም ኅትመት እ.ኤ.አ. ከ1638 ጀምሮ በጣሊያናዊው ጸሐፊ በፔትራ ሳንክታ መጽሐፍ የጸና የመስመር ዘዴ አለ፦ ወርቅ ነጠብጣብ፣ ብር ባዶ፣ ቀይ ቁም መስመር፣ ሰማያዊ አግድም መስመር፣ ጥቁር ቁምና አግድም የተጣመረ፣ አረንጓዴ ከተመልካቹ ግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች የሚወርድ ሰያፍ፣ ወይን ጠጅ ተቃራኒው።

ለማኅተም ቀለበት ሙሉ አርማ አይገባም፤ ቁንጮው ብቻ፣ ወይም ጋሻው ያለ ቁር ይበቃል። ቀለበቱ ሰም ላይ የሚታተም ከሆነ ቅርጹ ተገልብጦ ይቀረጽ፣ አለዚያ በሰሙ ላይ እንስሳው ወደ ተሳሳተው ጎን ያያል፣ ፊደልም ካለ አይነበብም። ለጌጥ ብቻ ከሆነ በቀጥታ ይቀረጻል። የትኛው እንደሆነ ለወርቅ ሠሪው በጽሑፍ ይስጡት፤ በቃል ሲነገር የሚሳሳተው ይህ ነው። ለጥልፍ ደግሞ ቀጭን መስመር ክር አይችለውም፤ የእባቡን ልሳንና የአንበሳውን ጥፍር አወፍሮ የሳለ ለጥልፍ የተለየ ቅጂ ያስፈልጋል።